ሻዩ ሻይ ይሁን ማለት ምን ነውር አለው?

ከአዲሱ ገበያ አልፎ ወደ ሱሉልታ በሚያወጣው መንገድ ላይ አንድ ትልቅ ሆቴል አለ። ስሙን አልጠራም። በቅርቡ ባሩ ውስጥ በእንግሊዞች ወግ ከሳንድዊችና ከኬክ ጋር የሚቀርብ የከሰዓት ሻይ አዘጋጅቶ ነበር። ዝግጅቱ የአንዲት የታወቀች የልብስ ዲዛይነር ሥራዎች የሚታዩበት ነው ተባለ። ኬኩም፣ ብስኩቱም፣ ናፕኪኑም የእሷን ልብሶች እንዲመስል ተደርጓል ተባለ። ከአርብ እስከ እሁድ፣ ከ9 እስከ 12 ሰዓት። ሄድን። ከፋን። የከፋን ደግሞ እኛ ብቻ አልነበርንም፤ ብዙ ሰው ቅሬታውን ተናግሯል።

ከዚያ አንድ ጸሐፊ ሰፋ ያለ ጽሑፍ ይዘው መጡ። ባጭሩ እንዲህ ይላሉ። ቅሬታ ያሰሙት ሰዎች የከሰዓት ሻይን ባህል አያውቁም፤ የሄዱት ሆድ ለመሙላት ነው። ሻዩ ምርጥ ነበር። ክሎትድ ክሬም የሚባለው የእንግሊዞች ወፍራም ክሬም እዚህ አገር ስለማይገኝ ሆቴሉ አይወቀስም። ኬኮቹ ላይ የነበረው የጥበብ ሥራ የአገር ኩራት ነው፤ መተቸቱ የአገር ዲዛይን ይጎዳል። የጾም ተመጋቢ አስቀድሞ ደውሎ መናገር ነበረበት። ዋጋው ከለንደን ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው። በአደባባይ ማማረርም የአስተናጋጆቹን እንጀራ ይነካል።

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በጨዋነት የተጻፈ ነው፤ እኔም በጨዋነት ልመልስ። ዝም ብዬ ያላለፍኩት ግን አብራኝ በነበረችው አክስቴ ምክንያት ነው። እታለም እላታለሁ። ሽሮ ሜዳ ነው የምትኖረው። ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ ስትፈትል የኖረች ሴት ናት። የጥበብ ልብስ የሚከበርበት ሻይ አለ ሲባል መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ እሷ ነች።

ከሆድ ልጀምር። ጸሐፊው የከሰዓት ሻይ የሚቀመስ እንጂ የሚበላ አይደለም ይላሉ። ታሪኩ ግን ከረሃብ ነው የሚነሳው። ጊዜው በፈረንጆቹ 1840 ገደማ ነው፤ አገሩ እንግሊዝ። የቤድፎርድ ዱቼስ የነበረችው አና በምሳና በራት መካከል ይርባት ነበር ይባላል። ራት በጣም ይመሻል። ስለዚህ ሻይ፣ ዳቦና ቅቤ ወደ ክፍሏ እንዲያመጡላት ማዘዝ ጀመረች። ቆየት ብላ ወዳጆቿንም መጥራት ጀመረች። የመኳንንቱ ልማድ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ርቦት ለሻይ የሚቀመጥ ሰው ምን አጠፋ?

ጸሐፊው ዝግጅቱን ሃይ ቲ እያሉ ነው የሚጠሩት፤ ከፍ ያለ የጨዋ ሰው ሻይ ለማለት። ይሄም ልክ አይደለም። ሃይ ቲ እንግሊዝ አገር የሠራተኛው ሰው የማታ ምግብ ነበር። ከፋብሪካ ደክሞ የገባ ሰው ሥጋውን፣ ዳቦውንና ሻዩን ገበታ ላይ ተቀምጦ የሚበላበት። ስሙን ብዙ ሆቴሎችም ያምታቱታል፤ ለዚህ ጸሐፊውን አልወቅስም። ሰውን ባህሉን አታውቁም ከማለት በፊት ግን ማጣራት ደግ ነበር።

ደግሞስ እኛ ለዚህ ሰዓት የራሳችን ስም አለን። መክሰስ ነው። ከትምህርት ቤት የመጣ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ሻይ በዳቦ፣ ሻይ በቦምቦሊኖ፣ ሻይ በፓስቲ። መክሰስ እስከ ራት ያቆያል። ከፊታችን የቀረበው አላቆየንም። ሦስት ጣት የማታህል ሳንድዊች ናት። ዳቦዋ ዳር ዳሩ ደርቋል። አራት ነበሩ፤ ሁለቱን በልቼ ሁለቱን ተውኩ።

የጾሙን ነገር እዚሁ ላንሳው፤ በጣም የከነከነኝ እሱ ነው። የሄድነው አርብ ነው። እታለም ረቡዕና አርብ እስከ 9 ሰዓት እህል በአፏ አይዞርም። ማስታወቂያው ላይ የጾም አማራጭ እንዳለ በግልጽ ተጽፏል። ሰዓቱም ገጠመልን አልን፤ ልክ ጾሟን በምትፈታበት ሰዓት ሻይ ይቀርብላታል። ጠዋት ስደውልላት ደስ ብሏት ነበር። ነጭ በነጭ ለብሳ ደጅ ላይ ጠበቀችኝ።

የመጣላት ሐብሐብና ፓፓያ ነው። ባለ ሦስት ፎቁ ሰሃን ላይ ታች ሐብሐብ፣ መሃል ፓፓያ፣ ላይ እንደገና ሐብሐብ። ከጎኑ ማርማላታ የተቀባ አንድ ቁራሽ ዳቦ። ዋጋው ከእኔው እኩል ነው። እኔ በዚያ ሰሞን መድኃኒት ከምግብ ጋር ታዞልኝ አልጾምም ነበር፤ የእኔ ሰሃን ኬክና ብስኩት አለው። እሷ ሐብሐቧን በሹካ እየነካካች፣ ባዶ ሆዷን፣ ‹‹ምንም አይደል ልጄ፣ አንቺ ብዪ›› ትለኛለች። እንዴት ብዬ ልብላ?

አስቀድማችሁ ብትደውሉ ኖሮ ይላሉ ጸሐፊው። ደውለናል። ቦታ ስንይዝ አንዳችን የጾም መሆኗን ተናግረናል፤ ስንገባም ከስማችን ጎን ተጽፎ አይተነዋል። ባንደውልስ? እዚህ አገር የሚጾም ሰው ድንገት የሚመጣ እንግዳ ነው እንዴ? የሰፈር ኬክ ቤት እንኳ ረቡዕና አርብ የጾም ኬክ ይዞ ነው የሚውለው። የምስር ሳምቡሳ በየመንገዱ ዳር ይጠበሳል። ፓስቲ ዱቄትና ዘይት ነው። ትልቅ ማድ ቤት፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሼፎች ያሉት ሆቴል ይሄ ሊያቅተው አይገባም።

አሁን ወደ ሻዩ። ጸሐፊው ሻዮቹ ከውጭ የመጡ ምርጥ ሻዮች ነበሩ ብለው አሞግሰዋል። እውነት ነው፣ ሳጥኑ ያምራል። የእንጨት ሳጥን ነው፤ ሲከፈት የተለያየ ቀለም ያላቸው ከረጢቶች ተደርድረዋል። ችግሩ ውሃው ነው። ውሃው በቴርሞስ መጣ። መቼ እንደፈላ እንጃ፤ ስኒው ላይ ሲቀዳ እንፋሎት የለውም። ከረጢቱን ነከርኩ። አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ። የገለባ ቀለም ይዞ ቀረ።

ጸሐፊው ይህን የሚያነሱትን ሰዎች አፈላሉን አታውቁም ይላሉ። እስቲ አብረን እንየው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ይቀንሳል። ባሕር ጠረፍ ላይ 100 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ የሱሉልታ መንገድ ደግሞ ከዚያም ይወጣል። እዚያ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ጥቁር ሻይ ቀለሙንና ጣዕሙን በደንብ የሚለቀው የሚንፈቀፈቅ ውሃ ሲያገኝ ነው። እኛ ገና ስንጀምር ስምንት ዲግሪ ያህል ጎድሎናል ማለት ነው። በዚያ ላይ ውሃው ቴርሞስ ውስጥ ሲቆይ፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ስኒ ላይ ሲቀዳ፣ በዚያ ብርድ፣ ምን ይቀረዋል? ስኒውን በሙቅ ውሃ ማለቅለቅ፣ ውሃውን ከምድጃ በቀጥታ ማምጣት፣ ቅጠሉን ክዳን ባለው በራድ ውስጥ ማቆየት። ይሄው ነው። ገንዘብ አይጠይቅም።

እናቶቻችን ይህን ያለ ቴርሞሜትር ፈተውታል። ቅጠሉን ከቀረፋውና ከቅርንፉዱ ጋር በራድ ውስጥ ጨምረው እሳት ላይ ያንተከትኩታል። በሙቀት የጎደለውን ጊዜ ይሞላዋል። የቤታችን ሻይ እንደዚያ ቀይ ሆኖ የሚወጣው እሳት ላይ ስለሚቆይ ነው። ይሄ አፈላል ለደጋ አገር የተስማማ ነው፤ ከእንግሊዙ ያነሰ አይደለም።

እታለም አስተናጋጇን ጠራቻት። ‹‹የኔ ልጅ፣ በቅመም የፈላ ሻይ አይገኝም?›› ልጅቷ ጎንበስ አለች። ‹‹ይቅርታ ያድርጉልኝ ማዘር፣ በዚህ ዝግጅት አልተፈቀደልንም።›› ቀና ስትል ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ማድ ቤት ለሠራተኛው የፈላ እንዳለ ነገረችን። የቀረፋው ሽታ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይመጣል። እታለም አልጠየቀችም ከዚያ በኋላ። ስኒዋን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው።

ከውጭ መጣ የሚለው ራሱ ለምን ሙገሳ እንደሆነ አልገባኝም። ሻይ እናበቅላለን እኮ። ጉመሮ ኢሉባቦር አለ። ውሽውሽ ካፋ ውስጥ፣ ቦንጋ አጠገብ አለ። የአገር ዲዛይነር በሚከበርበት ጠረጴዛ ላይ የአገር ሻይ አንድ እንኳ አልነበረም።

ክሬሙም እንደዚያው ነው። ክሎትድ ክሬም የሚባለው ወተቱ በቀስታ ሞቆ ከላዩ የሚሰበሰብ ወፍራም ክሬም ነው፤ የኮርንዎሉ ቢያንስ 55 በመቶ ቅባት አለው። ለእኛ ከቆርቆሮ የሚረጭ ክሬም ቀረበልን። ክሬሙ የሚቀባበትን ትንሽ ዳቦ፣ ስኮኑን፣ ለሁለት እስክከፍለው ድረስ ወደ ውሃነት ተለወጠ። ስኮኑም ቀዝቃዛ ነው፤ ሲከፈት ይፈረፈራል። ክሎትድ ክሬም አይገኝም፣ ሆቴሉ ምን ያድርግ ይላሉ ጸሐፊው። ያለነው ሱሉልታ መንገድ ላይ ነው! ከሱሉልታ እስከ ሰላሌ ድረስ የወተት አገር ነው። ለከተማው የሚሄደው ወተት በዚያው መንገድ ነው የሚወርደው። ለጋ ቅቤ በትንሽ ሳህን፣ ከጎኑ ነጭ ማር ቢቀርብ ማን ይቀየማል? እንግሊዛዊ እንኳ ቢመጣ ደስ ብሎት ይበላዋል።

ስለ ቦታው ውበት ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ብዙ አልልም። ባር ባር ነው። ሶፋው ዝቅ ያለ፣ ጠረጴዛው ጉልበት የሚነካ፤ እታለም ሰሃኗን ጭኗ ላይ ይዛ ነው የበላችው። ሜዳው የሚታይበት መስኮት ለፎቶ ማንሻ ተይዟል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ወደ ልብሱ።

ጸሐፊው በለንደን ይሄ የተለመደ ነው ይላሉ። አዎ፣ የተለመደ ነው። በርክሌይ የሚባለው ሆቴል በፋሽን ዙሪያ የተሰናዳ የከሰዓት ሻይ ለዓመታት ሲያቀርብ ቆይቷል፤ ኬኮቹ የታወቁ ዲዛይነሮችን ልብስና ቦርሳ እየመሰሉ በየወቅቱ ሲለወጡ ኖረዋል። ሐሳቡን እወደዋለሁ። እዚህ መምጣቱንም ወድጄዋለሁ፤ ባልወደው አክስቴን ይዤ አልሄድም ነበር። የዲዛይነሯንም ልብሶች በቅርብ አይቻቸዋለሁ፤ የሚያምሩ ናቸው። ያስከፋኝ ልብሶቹ ኬክ ላይ ሲደርሱ የሆኑት ነገር ነው።

ኬኮቹ ላይ ያለው ጥለት በሚበላ ወረቀት ላይ የታተመ ነው። ወረቀቱ ምላስ ላይ ይጣበቃል፤ ጣዕም የለውም። ጸሐፊው ደግመው ደጋግመው ይህንን ጥልፍ ይሉታል። ጥልፍና ጥለት አንድ አይደሉም። ጥልፍ ተሠርቶ ያለቀ ጨርቅ ላይ በመርፌ የሚወጣ ነው። ጥለት ከጨርቁ ጋር አብሮ የሚሸመን ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ይቀመጣል። ድሩን በእግሩ እየከፈተ መወርወሪያውን ይሰዳል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ባለ ቀለሙን ክር በእጁ እየቆጠረ ነው የሚያስገባው። አንድ ክር ከዘለለ ቅርጹ ይበላሻል፤ መፍታት ነው ያለው። ሽሮ ሜዳ ያሉ የዶርዜ ሸማኔዎች ይህንን ሲሠሩ ቀኑን ሙሉ ቆማችሁ ብታዩ አትሰለቹም። ለዚህ ነው ቃሉ የሚያስጨንቀኝ።

ጸሐፊው ከሁሉ አስበልጠው ያደነቁት ብስኩቷን ነው። የእጅ መዳፍ ታህላለች። ቀሚስ የለበሰች፣ ነጠላ የደረበች ሴት ቅርጽ ናት። ነጩ ስኳር ነው፤ ጥለቱ በወይን ጠጅና በወርቃማ ቀለም ተሠርቷል። ሳነሳት ወይን ጠጁ ጣቴ ላይ ቀረ።

እታለም መነጽሯን ከቦርሳዋ አወጣች። ብስኩቷን በናፕኪን ይዛ ወደ መብራቱ ጠጋ አደረገቻት። ብዙ አየቻት።

‹‹ይቺ ልጅ ማን ሞቶባት ነው?›› አለችኝ።

አልገባኝም።

‹‹ነጠላዋን እይው እንጂ። አዘቅዝቃዋለች።››

እውነቷን ነው። የነጠላው ጥለት አንገቷ ሥር ነው ያለው። ለቅሶ የሚሄድ ሰው ነው ነጠላውን እንደዚያ የሚለብሰው፤ ጥለቱን ወደ ላይ አዙሮ። ለደስታ ሲሆን ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል። ይህንን ለማወቅ የልብስ ትምህርት ቤት አያስፈልግም። የትኛውም ሰፈር ያለች እናት ታውቀዋለች። ማድ ቤቱ ውስጥም የምታውቅ እናት አትጠፋም ነበር፤ የጠየቃት የለም እንጂ። ለግብዣ የተሠራች ብስኩት የሐዘን ልብስ ለብሳ በየጠረጴዛው ቀረበች። ጸሐፊው ደግሞ ይህችን ብስኩት ነው የአገር ኩራት ያሏት።

ኩራቱ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 ለምለም የተባለውን የልብስ ድርጅት ስትመሠርት የተነሳችው ከሸማኔዎቻችን የእጅ ሥራ ነው፤ ያ ሥራ ውጭ አገር በውድ ይሸጣል። ማንም እንዲያዝንለት የሚፈልግ ሥራ አይደለም። ስለዚህ ትችት የአገር ዲዛይን ይጎዳል የሚለውን አልቀበልም። የሚጎዳው ማንም ሳያየው የወጣ ሥራ ነው።

ምን ይደረግ ነበር ለሚለኝ ሰው አንድ ነገር ልበል። የትግራይ እናቶች ሕምባሻ ሲጋግሩ ሊጡን እሳት ላይ ከማድረጋቸው በፊት ላዩን በጌጥ ይሞሉታል። መስመር፣ ክብ፣ ነጠብጣብ። ሲበስል ጌጡ ዳቦው ራሱ ነው፤ አይላጥም፣ ጣት ላይ አይቀርም። ልክ እንደ ጥለት ማለት ነው፤ ከነገሩ ጋር አብሮ የተሠራ። የዲዛይነሯ አንድ ጥለት በትንንሽ ሕምባሻ ላይ ቢወጣ ለጾሙም ይሆን ነበር፤ እታለምም ትበላው ነበር። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል፤ በጣም ቅርብ ነበር።

ዋጋውን ቶሎ ልለፈው። ጸሐፊው 2,400 ብር ነው ይላሉ። ወረቀቱ ላይ ከ2,400 ቀጥሎ ሁለት የመደመር ምልክት አለ። 10 በመቶ የአገልግሎት፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲጨመር አንድ ሰው 3,036 ብር ይከፍላል። ለሁለት 6,072 ብር ከፍለናል። ለንደን ከዚህ ይበልጣል፣ ልክ ነው። ግን እዚያ በብዙዎቹ ሆቴሎች ሳንድዊቹም ስኮኑም ሲያልቅ ይጨመርልሃል፤ ሻዩንም ትቀያይራለህ። እኛ ሁለተኛ ቴርሞስ ስንጠይቅ ተጨማሪ ሂሳብ አለው ተባልን። የለንደን ሰው ደመወዝ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው።

የመጨረሻው ክሳቸው ነው ልቤን የነካው። የአስተናጋጆቹን እንጀራ ትነካላችሁ ይላሉ። እኔ አስተናጋጇን አልከሰስኩም። ያቺ ልጅ ብቻዋን አሥራ አንድ ጠረጴዛ ትዞር ነበር፤ ቆጥሬያለሁ። ላቧ ግንባሯ ላይ ይታያል። አንድ ጊዜ እንኳ ፊቷን አላጠቆረችም። ሳትጠየቅ ለእታለም ትራስ አምጥታ ከጀርባዋ አደረገችላት። ስንወጣ ደግፋ ደረጃውን ያወረደቻት እሷው ናት። የእሷን እንጀራ የሚነካው ሁለት ሰው የሚያስፈልገውን ሥራ ለአንዷ የሰጠ ነው። ሙቅ ውሃ ሳይሰጣት እንግዳ ፊት ያቆማት ነው። እንግዳ ቅሬታውን ሲናገር ለእሷም ጭምር ነው የሚናገረው፤ እሷማ መናገር አትችልም።

በአደባባይ ከምትናገሩ ለሆቴሉ ብትነግሩስ? ነግሬያለሁ። ኃላፊውን አስጠርቼ፣ ቁጭ ብለን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነግሬዋለሁ። የጾሙን፣ የውሃውን፣ የነጠላውን። በትህትና አዳመጠኝ። ስልኬን ተቀበለኝ፤ እደውላለሁ አለ። ዛሬ አሥራ ሦስተኛ ቀኔ ነው።

ብስኩቷ አልተበላችም። እታለም በሶፍት ጠቅልላ ይዛት ሄደች። ሽሮ ሜዳ፣ ቡፌዋ ላይ፣ ከሲኒዎቹ ጎን ተቀምጣለች። ትናንት ሄጄ ነበር። ሻይ አፈላችልኝ፤ ቀረፋና ቅርንፉድ ያለበት፣ ከንፈር የሚያቃጥል። እየጠጣን ስልኬ ጠራ፤ የሥራ ባልደረባዬ ናት። እታለም ግን ሆቴሉ መስሏት ስኒዋን አስቀመጠች።

‹‹እነሱ ከሆኑ›› አለችኝ፣ ‹‹ጥለቱ ወደ ታች ነው በያቸው።››